የኤንትሬ ወንበር ፍለጋ

ዛሬ ስለ ወንበር ልጽፍ ነው። ወንበር ስል ሥልጣን ማለቴ አይደለም፤ ስለዚያኛው የሚጽፍ ሞልቷል። የእኔ ሾፌር የሚቀመጥበት ወንበር ነው፤ ስምንት ወር ፈልጌ ያጣሁት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ደብረ ወርቅ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር አንድ ፊያት ቆሟል። የሊብሬው ስም 682 ኤን 3 ይላል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ኤንትሬ ብሎ ነው። ከቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ልጆች ሳለን መሪውን ጨብጠን በአፋችን ሞተር እያስነሣን አዲስ አበባ ደርሰን እንመለስ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር፤ የፋሲካን እንቁላል ከዚያ የለቀምንበት ዓመት አለ።

አጎቴ ሲያርፍ ልጆቹ ሊካፈሉ ተቀመጡ። ቤቱና መሬቱ ላይ ቶሎ ተስማሙ፤ መኪናው ላይ ተለያዩ። አንደኛው የቁራሌ ነጋዴ አምጥቶ በኪሎ አስገመተው። ታላቂቱ እህት "አባቴን በኪሎ አልሸጥም" ብላ ተነሥታ ወጣች። እኔ መሐል ገባሁና አንድ ዓመት ስጡኝ አልኳቸው፤ ላድሰው፣ ካልተሳካ ቁራሌው ይውሰደው። ከዚያ ዓመት የቀረኝ አራት ወር ነው።

የሚገርማችሁ ሞተሩ አላስቸገረም። ቴስታታው ወረደ፣ ፖምፓው ተስተካከለ፣ በሦስተኛው ቀን ግቢውን በጥቁር ጭስ ሞልቶ ተነሣ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ድምፁን ሰምተው መጡ። ባሌስትራውም አለ፣ ካምቢዮውም አለ። የሌለው ወንበሩ ነው። ጋቢናው ወለል ላይ ዝገት የበላቸው የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

ወንበር ደግሞ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ደብረ ማርቆስ ያሉ ጋራዦችን ዞርኩ። አዲስ አበባ ገብቼ ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት፣ ምናለሽ ተራም ወረድኩ። የኤንትሬ ፒስተን የሚያውቅ አለ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ በቁጥሩ የሚጠራ አለ። ወንበር ስል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ነው የሚያሳየኝ። አንዱ "ወንድሜ፣ የሲኖ ወንበር አለኝ፣ በአየር የሚነሣ፣ ሂድና ተንፈላሰስበት" አለኝ። ሌላው "የኤንትሬ ወንበርማ ዘበኛ ቤት ነው የሚገኘው" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው እውነቱን ነው። አሮጌ መኪና ሲፈታ ብረቱ ብረት ለሚፈልግ ይሄዳል፤ ሞተሩ ለሌላ መኪና መለዋወጫ ይሆናል። ወንበር ግን ለሰው ይሆናል። ጋራዥ በር ላይ ሊስትሮ ይቀመጥበታል፣ አረቄ ቤት ይገባል፣ ዘበኛ ሌሊቱን ያድርበታል፤ ከዚያ ዝናብና አይጥ ይጨርሱታል። ከአጎቴ መኪና ወንበሮች አንዱ በከተማችን ጠላ ቤት ውስጥ አግዳሚ ሆኖ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ኋላ ሰማሁ። የተቀመጡበት ሰዎች አሁንም ያስታውሱታል። ወንበሩ ግን የለም።

ታዲያ ሲኖ ወንበር ለምን አልገጥምም? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው ወደ ታሪኩ የገባሁት፤ ከገባሁ በኋላም መውጫው ጠፋኝ።

ከስሙ እንጀምር። "ኤን" ፊያቶች ለናፍጣ መኪኖቻቸው የሚሰጡት ፊደል ነው፤ ናፍጣ የምንለውም ቃል የእነርሱው ነው። "ትሬ" ሦስት ነው። ስለዚህ ኤንትሬ ማለት "ናፍጣ፣ ሦስተኛው" እንደ ማለት ነው። 682 እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ፤ ሦስተኛው እትም በ1962 ተከተለ። ፋብሪካው እስከ 1980ዎቹ ድረስ ለውጭ ገበያ ሲሠራው ቆይቷል፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው "የአፍሪካ ንጉሥ" ይሉታል። ንጉሥ መባሉን አልቃወምም፤ የእኛው ንጉሥ ግን ዶሮ ወርሶት ነበር።

ከእርሱ በፊት አባቱ አለ፤ ፊያት 634። የዚያ ዘመን ሰዎች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ነው። አፍንጫው የረዘመ፣ ሰባ አምስት የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ዛሬ አንድ የቤት መኪና የሚበልጠው ዝሆን። በአውሮፓ ጋቢናው ውስጥ መኝታ ከተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። በ1928 ወረራ የጣሊያን ጦር ስንቅና ጥይት ከጫነባቸው መኪኖች መካከል ይህ ዓይነቱ ነበረበት። እንግዲህ የእኛ ሰው ከጭነት መኪና ጋር በሰፊው የተዋወቀው በሰላም አይደለም።

ጎጃም ላይ ደግሞ ትውውቁ ይበልጥ የተለየ ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ግንቦት 1928 ያዘ፤ ከከተማና ከምሽግ ወጥቶ ገጠሩን ግን ሳይገዛ አምስት ዓመት አለፈ። ብቸና ዙሪያውን የበላይ ዘለቀ ሰዎች ይዘውታል። መኪና ካለ አጃቢ አይወጣም። ለብቸናና ለደብረ ወርቅ ገበሬ የመኪና ድምፅ መሸሽ ወይም ማድፈጥ እንጂ መሳፈር ማለት አልነበረም። ነፃነቱም በመኪና አልመጣም፤ በግመል መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኩል ሲገቡ አብሯቸው የመጣው ጦር ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ግመል ነበረው፤ ደጋው ላይ ግመሎቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ጣሊያን ሲወጣ ግን ሁለት ነገር ትቶ ወጣ፤ መኪናና ቃል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ታኮ። ዛሬ የቻይና መኪና የሚፈታ የሃያ ዓመት ልጅ እንኳ በጣሊያንኛ ነው የሚፈታው፤ እርሱ ግን አማርኛ ነው ብሎ ነው። በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር የእነርሱ ቃል ነው። ብዙ ጣሊያን መካኒኮችም ከነፃነት በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎቻችን ከእነርሱ እጅ የተማሩ ናቸው። እዚህ ላይ አንዳንዱ "ስለዚህ ጣሊያን ጠቅሞናል" ማለት ይቀናዋል። እኔ አልልም። የወደቀ ብረት አንሥቶ ሠርቶ መብላት የአንሺው ሙያ ነው፤ የጣዩ ውለታ አይደለም።

መንገዱ ቀስ ብሎ ተከተለ። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ የወሰድነው የመጀመሪያ ብድርም ለመንገድ ነበር። ደጀን ላይ ከማርቆስ መንገድ ተገንጥሎ በየትመን፣ በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ ግን ለአሥርት ዓመታት ጠጠር ነበር። አስፋልት የመጣው በእኛ ዘመን ነው። ክረምት ሲገባ መኪና ጭቃ ውስጥ ያድራል፣ ገበሬ በሬውን አምጥቶ ይጎትታል። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍ በዚያ ጠጠር ላይ ነው አባይን ተሻግሮ መርካቶ የገባው። ጎጃም በረንዳ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ወንበሩ እንመለስ፤ ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው።

የጣሊያን ከባድ መኪኖች አገራቸው በቀኝ እየነዳም መሪያቸው ለረዥም ዘመን በቀኝ ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው ይባላል፤ ሾፌሩ የገደሉን ጫፍ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እንዲያይ። የአጎቴ ኤንትሬም ቀኝ መሪ ነው። እኛ ደግሞ እስከ 1956 ድረስ በግራ እንነዳ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 አገሩ በአንድ ቀን ወደ ቀኝ ተሻገረ። መንገዱ ተሻገረ እንጂ ቀኝ መሪ የነበረው መኪና ወንበር አልተሻገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሾፌር ከገደሉ ጫፍ ተቀምጦ ይነዳል፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ረዳቱ ነው። መቅደም ሲያስፈልግ "እለፍ!" ወይም "ቁም!" የሚለው ረዳት ሆነ። የመኪናው ዓይን ወደ ረዳቱ ወንበር ሄደ ማለት ነው። የአጎቴ ሾፌር የነበሩት ሰውዬ እንዳሉኝ ጥሩ ረዳት ያልያዘ ሾፌር አባይ በረሃ አይወርድም ነበር።

ረዳት ግን ዓይን ይሁን እንጂ መቀመጥስ የት ተቀምጦ። ዳገት ሲመጣ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል፤ መኪናው ሊንሸራተት ሲል ጎማ ሥር ይወረውራል። ከሸለቆው ግርጌ እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ሽቅቡ። ስንቱን በእግሩ እንደወጣው አስቡት። ለመቀመጥ ሲመለስ ቦታው ተይዟል፤ ጋቢና ውስጥ ሌላ ሰው አለ።

የጋቢናው ሰው ማን ነው? ይህ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። አውቶቡስ በማይደርስበት አገር የጭነት መኪና ነበር አውቶቡሱ። ሰው ሁሉ ከላይ በጤፍ ጆንያ ላይ፣ ሸራ ይዞ፣ አቧራ እየጠጣ ነው የሚሄደው። ጋቢና የሚገባው ሌላ ነው። ባላባቱ፣ መምሬ፣ የእህሉ ባለቤት፣ የፖሊስ አዛዡ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የደረሰች እርጉዝ ወይም ወደ ሐኪም የሚወሰድ ሕመምተኛ። ኤንትሬ ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚገባው፤ በሾፌሩና በተሳፋሪው መሐል ጉብ ብሎ ይቀመጣል። ከጮቄ በኩል ብርድ ሲነፍስ ምድጃ ነው፤ አባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ሲኦል። ያም ሆኖ ጋቢና ጋቢና ነው። ዛሬ ታክሲ ስንይዝ "ጋቢና ግባ" ብሎ ለታላቅ ሰው መልቀቅ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? በ1960 የጎጃም ገበሬ በግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ላይ ተነሥቶ ሞጣና ብቸና ሲነዱ፣ ጥያቄው መሬት ይለካብናል የሚል ነበር። እኔ ግን አንዳንዴ አስባለሁ፤ እህሉ የእርሱ፣ ጆንያው የእርሱ፣ እርሱ ከላይ፣ ግብር ቆጣሪው ከታች ጋቢና ውስጥ። ይህንን ያየ ሰው ምን ይሰማዋል?

በደርግ ጊዜ የግል የጭነት መኪኖች በቀጣና ተደራጁ፤ ባለንብረቱ መኪናው የት እንደሚሄድ የማያውቅበት ጊዜ መጣ። አጎቴ ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም ነበር፤ "ያው ነዳነው" ነበር የሚለው። ከ1984 በኋላ ገበያው ተከፈተ፣ አይሱዙ መጣ፣ ኋላም ሲኖ ትራክ። አይሱዙ በአንድ ቀን የሚደርስበትን ኤንትሬ በሁለት ቀን ነው የሚደርሰው። አንድ ክረምት ቆመ፤ ከዚያ አልተነሣም።

ያን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ሲኖ ወንበር መግጠም ነውር መሰለኝ። የጣሊያኑን ዋናውን ካላገኘሁ አልኩ። ጣሊያን አገር 682 የሚያድሱ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ወንበርም ሊገኝ ይችላል። ዋጋውን፣ የመርከቡን፣ የጉምሩኩንና የዶላሩን ነገር ስደምር ግን የቁራሌው ነጋዴ ፊት መጣብኝ።

በዚህ መሐል ነው የአጎቴ ሾፌር የነበሩትን አያን ልጠይቅ የሄድኩት። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን ሞተሩ ሲነሣ ከሁለት ሰፈር ማዶ ሰምቷል። ወንበሩ ምን ይመስል እንደነበር ይንገሩኝ ብዬ ደብተር አወጣሁ። ቀለሙን፣ ስፌቱን፣ ሞላውን።

"የጣሊያኑን ነው የምትፈልግ?" አሉኝ።

"አዎ አያ።"

"እኔ እንኳ አላየሁትም።"

ደነገጥኩ። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። አጎቴ መኪናውን ሲገዛ አዲስ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ወንበር ከዚያ በፊት አልቋል። ጠጠር መንገድ ሞላውን ሰብሮ ሽቦው ጨርቁን ቀዶ ወጥቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ስፖንጅ አስሞሉበት፤ በአንድ ክረምት ተጨፈለቀ። በመጨረሻ አያ ራሳቸው አናጺ ይዘው በዋንዛ እንጨት ማዕቀፍ አሠሩ፤ በጠፍርም አስጠረቡት፤ ልክ እንደ ጠፍር አልጋ። ከላዩ አጎዛ። "ጠፍር ይሰጣል፣ ይመልሳል" አሉኝ መዳፋቸውን ከፍና ዝቅ እያደረጉ። "ሲላላ ውኃ አስነክተህ ትወጥረዋለህ። ሞላ ከተሰበረ ማን ይጠግነዋል? በዚያ ወንበር ነው አባይን ዕድሜዬን የተመላለስሁ።"

ደብተሬን ዘጋሁት። ስምንት ወር ቱሪን የተሠራ ወንበር ስፈልግ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ማርቆስ የተሠራ ወንበር ነበር የጠፋብኝ።

በውጭው ዓለም አሮጌ መኪና የሚያድሱ ሰዎች በዚህ ይጣላሉ። ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን የሚል አለ፤ እንደሠራበት ይሁን የሚልም አለ። የንጉሠ ነገሥቱ መኪኖች ዛሬ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ተወልውለው ቆመዋል፤ እነርሱን እንደ ፋብሪካቸው ማቆየት ይገባል፣ ያን ያህል አልተነዱም፣ ተንከባካቢም ነበራቸው። ጤፍ የጫነ መኪና ግን ሌላ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ብናደርገው ጎጃም ያልረገጠ መኪና ነው የሚሆነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የምትቃወሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ጠፍር የሚሠራ ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ፍለጋ ሆነ። ፋብሪካ አልጋና ፍራሽ ገጠሩን ከያዘ ቆየ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ልጆቻቸው ሙያውን አልያዙትም። ለምን እንዳልያዙት ጠየቅኋቸው፤ ዝም አሉ፤ እኔም ማፈር የነበረብኝ ጥያቄ መሆኑን ዘግይቼ ተረዳሁ። ቆዳ የሚያለፋን ሰው "ፋቂ" ብሎ ከማዕድ የሚያርቅ አገር ነው የእኛ። ባላባቱ ጋቢና ገብቶ ሲንደላቀቅ፣ የተቀመጠበትን ጠፍር የሠራው ሰው ጆንያ ላይ እንኳ አብሮት መሳፈር የሚከብደው ነበር። የዚያን ወንበር ታሪክ ስጽፍ ይህን ዘልዬ ካለፍኩ ባልጽፈው ይሻላል። ሽማግሌው ሥራውን ተቀበሉኝ። ዋጋ ሲጠሩ አልተከራከርኩም።

ዛሬ ያለሁበት ይህ ነው። የተሳፋሪው አግዳሚ ተጠርቧል፤ ደርቆ ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። አያ መጥተው ተቀመጡበት፤ ትንሽ ነቅነቅ ብለው "ጠበቅ ይላል፣ ይለምዳል" አሉ። የአጎቴ ትንሹ ልጅ፣ ያ የቁራሌውን ነጋዴ ያመጣው፣ በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር፤ ሳይናገር ሄዶ ታላቅ እህቱን ጠራት። ችግሩ አግዳሚው አራት ጣት ሰፍቶ የግራው በር አልዘጋ አለ። እንጨቱን ልናሳጥረው ነው። የሾፌሩ ወንበር ግን ለብቻው የሚቆምበት የብረት እግር ያስፈልገዋል፤ መሪው ከፍ ያለ ስለሆነ በእንጨት ብቻ አይሆንም። ብየዳ ቤት ማሠራት እችላለሁ፤ ልኩን የማይበት አንድ ናሙና ግን ያስፈልገኛል።

ስለዚህ የዚህ ቤት ሰዎች፣ የቀኝ መሪ ኤንትሬ የሾፌር ወንበር እግር ያለው ሰው ካያችሁ፣ ቢዝግም ቢጎብጥም፣ ዘበኛ ቤት ውስጥ ሰው ተቀምጦበት ቢሆን እንኳ፣ ከታች ጻፉልኝ። ዘበኛው ካለ ደግሞ አዲስ ወንበር ይዤ ነው የምመጣው፤ ሌሊቱን ቆሞ እንዲያድር አልፈልግም። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት እመጣለሁ።